ከውስጥ የማይከፈት በር

ከማለዲን ተጸያፊ ሰው ነበር። ላሜራ ቀጥቅጦ፣ የመኪና በር ጠግኖ የሚያድር ሰው እንዲህ ያለ ጠባይ ይዞ መፈጠሩ ለራሱም ይገርመዋል። ግሪስ አይቀፈውም፣ ዝገት አይቀፈውም፤ እነሱ የሥራ ወግ ናቸው። የሚቀፈው የሰው ነገር ነው። ሰው በጥፍሩ ጥርሱን ሲጎረጉር ካየ ምሳው አይወርድለትም። ሻይ ቤት ገብቶ ብርጭቆው ጠርዝ ላይ የሌላ ሰው ከንፈር ምልክት ካገኘ ሻዩን እዚያው ትቶት ይወጣል። የፈረንሳይ ለጋሲዮን ጎረምሶች ይህን ስለሚያውቁ ሆን ብለው አጠገቡ አክታቸውን ይጎትቱበታል፤ እሱ እየተራገመ ይሸሻል፣ ሰፈሩ ይስቃል። ይህ ሁሉ ግን ሳቅ ሳይወደድ በፊት ነው።

በ1970 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ ቀይ ሽብር አዲስ አበባን አፏን ባስያዛት ሰሞን፣ አንዲት ጥቁር ማርቼዲስ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር ካለው ጋራዡ ደጃፍ መጥታ ቆመች። ከማለዲን ገና ከሩቅ አወቃት። በጃንሆይ ዘመን የአንድ ፊታውራሪ ነበረች። ፊታውራሪው ክረምት በወጣ ቁጥር ይልኩለታል፤ እሱም ማጠፊያዎቿን ዘይት ይቀባል፣ የበሮቿን ጎማ ያብሳል፣ ከዚያ በአውራ ጣቱ ብቻ ገፋ ሲያደርጋቸው በሮቹ «ጥፍ» ብለው ይዘጋሉ። ያን ድምፅ ይወደው ነበር፤ ለሚስቱ ለፋዲላ ሳይቀር አውርቶላታል። አብዮቱ ሲመጣ ፊታውራሪው ታሠሩ፣ ቤታቸው ተወረሰ፣ መኪናዋም ከነሹፌሯ ከዋቅጅራ ጋር ለቀበሌው ተላለፈች። አሁን በኋላ ወንበሯ ላይ የሚንፈላሰሰው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሀብተወልድ ነው።

ሀብተወልድ ቀድሞ እንጦጦ ኬላ ላይ ማገዶ የሚቀርጥ ጸሐፊ ነበር። ከጫካው እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችን ሸክም በእርሳሱ ጫፍ እየነካካ ሲቆጥር የኖረ ሰው፣ አሁን ሰው ይቆጥራል። ሁልጊዜ ቆሎ ይቆረጥማል፤ ገለባውን በምላሱ እየለየ ያለበት ቦታ ላይ ይተፋዋል፤ ምንጣፍ ይሁን የሰው ደጅ ግድ የለውም። ያን ቀን ከመኪናዋ ሲወርድ የተፋት ገለባ የከማለዲን ጫማ ላይ አረፈች። ከማለዲን ጫማውን አየ፣ ሊቀመንበሩን አየ፣ ምራቁን ዋጠ።

«ጓድ ከማል» አለ ሀብተወልድ፣ በሩን በጉልበቱ እየገፋ፤ «እነዚህ በሮች ለቀዋል። እኔ ደግሞ የለቀቀ ነገር አልወድም። አጥብቅልኝ።»

«እሺ፣ ጓድ ሊቀመንበር። እንደ ድሮው አደርግልዎታለሁ።»

«የኋላዎቹን ደግሞ ከውስጥ እንዳይከፈቱ አድርጋቸው። ከውጭ ብቻ። ገባህ?»

«ገባኝ» አለ ከማለዲን፣ ነገሩ ሕፃናት እንዳይወድቁ የሚደረግ ጥንቃቄ የሆነ ይመስል።

እምቢ የማይልበት ምክንያት ፍርሃት ብቻ አልነበረም። የፋዲላ ታናሽ ወንድም ነጅመዲን ከገና ሰሞን ጀምሮ በዚሁ ሰውዬ ቀበሌ ታስሯል። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው ፋዲላ ነች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ወረቀት በትነሃል ብለው ከአልጋው አንሥተው ወሰዱት። ከዚያን ቀን ወዲህ ፋዲላ በየቀኑ ምሳ በሳህን ቋጥራ ቀበሌው በር ላይ ትሰለፋለች። ጠባቂው ይቀበላታል፤ ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል። ባዶ ከሆነ በልቷል ማለት ነው፤ ከበላ አለ ማለት ነው። «ምግቡን መልሺ» የተባለች ሴት እዚያው አፈር ላይ ቁጭ ትላለች። ፋዲላ እስካሁን እንዲያ አልተባለችም። እና ከማለዲን በዚያች የተጎሳቆለች መኪና ውስጥ ያየው የበር ማጠፊያ ብቻ አይደለም፤ የልጁን መውጫ ነው። ሰውየውን ደስ ካሰኘው ልጁን ይለቅለታል። ይኸው ነው ሐሳቡ፣ ሌላ የለውም።

ሊቀመንበሩ በእግሩ ሄደ፤ ዋቅጅራ ቁልፉን ይዞ ቀረ። ከማለዲን የኋላውን ግራ በር ሲከፍተው በሩ ቁልቁል ዘጭ አለ፤ በጉልበቱ ባይደግፈው መሬት ይመታ ነበር። ከውስጥ ሽታ ወጣ። የላብ፣ የአረቄ፣ የሰው ሽንት፣ ደግሞም ሽቶ ረጭተው ሊሸፍኑት የሞከሩት ሌላ ነገር። ወንበሩ ሥር የዶሮ አጥንትና የጫት ገረባ ተጠቅጥቋል። የሲጋራ መተርኮሻው ውስጥ የቆሎ ገለባ በምራቅ ተጋግሮ ደርቋል። ከማለዲን አፍንጫውን በክንዱ ይዞ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ምን አድርጋችኋት ነው፣ ዋቅጅራ? ይቺ እኮ መኪና ነበረች!»

«በየጠዋቱ አጥባታለሁ» አለ ዋቅጅራ። «አይለቅም።»

ዋቅጅራ ወትሮም ብዙ አይናገርም፤ አሁን ጭራሽ ቃል በራሽን የሚሰጠው ሰው መስሏል። ማጠፊያዎቹ እንዴት እንዲህ እንደተበሉ ሲጠይቀው ግን ነገረው። ዳገት ሲወጡ ጠባቂዎቹ ውስጥ አይቀመጡም፤ በሮቹን ከፍተው፣ መሣሪያቸውን አንግተው፣ ደፉ ላይ ቆመው በሩ ላይ ይንጠለጠላሉ።

«ለምን ውስጥ አይገቡም?»

«ውስጥ ቦታ የለም።»

«ወዴት ነው የምትወጡት?»

ዋቅጅራ በአገጩ ወደ ላይ፣ ወደ ባሕር ዛፉ አመለከተ። ከዚያ አገጩ የከዳው ይመስል ዞር ብሎ ሲጋራ ለኮሰ።

ከማለዲን በሩን በክሪክ ደግፎ የማጠፊያውን ፒን በመዶሻ መትቶ አወጣው። ፒኑ ወገቡ ላይ አይጥ የጋጠው መስሏል። የበሩን የውስጥ ልባስ በካቻቢቴ ሲያላቅቀው ከበሩ ሆድ ቀይ አፈርና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተዘረገፈ። ከውስጥ የሚከፍተው እጀታ ተጣሞ ከሥሩ ሊነቀል ደርሷል። እጀታ በዕድሜ ሲያልቅ ይሳሳል፣ ያብለጨልጫል፤ ይሄ ግን ያለቀው በጉተታ ነው። የቁልፉ ምላስ ላይ ደግሞ ጸጉር ተጠምጥሟል፤ ረጅም፣ ከነጉንጉኑ፣ ከነቅባቱ።

ካቻቢቴውን ጥሎ ወጣና ከጋራዡ ጀርባ አስመለሰው። አፉን ታጠበ፤ ደግሞ ታጠበ። «የፊታውራሪው ሚስት ጸጉር ነው» አለ ለራሱ። የፊታውራሪው ሚስት ጸጉራቸውን አሳጥረው ይቆረጡ እንደነበር በደንብ ያውቃል። ቢሆንም «የእሳቸው ነው» ብሎ በጋዜጣ ጠቅልሎ ከቆሻሻው ጋር አቃጠለው። ሰው ማወቅ የማይፈልገውን ነገር ላለማወቅ የሚለፋው ልፋት አጃኢብ ነው፤ ማጠፊያ ከመሥራት እጅግ ይከብዳል።

ያን ምሽት ራት ቀርቦ አልበላ አለ። ፋዲላ ምን እንደሆነ ስትጠይቀው ስለ ገለባው፣ ስለ ዶሮው አጥንት፣ ስለ ሽታው፣ የኋላ በሮቹ ከውስጥ እንዳይከፈቱ ስለመታዘዙም ነገራት። ስለ ጸጉሩ አልነገራትም።

«እንዲህ ያለ እድፋም ሰው አይቼ አላውቅም» አለ። «መኪናዋን ስነካለት እጄን መቁረጥ ያሰኘኛል።»

«አንተ ደግሞ መቀፈፍህን ለሌላ ቀን አቆየው» አለችው። «ሥራለት። እንደ ፊታውራሪው ጊዜ አድርገህ ሥራለትና ስለ ልጁ ጠይቀው። እኔ ምሳ ከማመላለስ በቀር ምን አቅም አለኝ? አንተ ግን እጅ አለህ።»

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሀብተወልድ ሥራውን ሊያይ ብቅ አለ። ከማለዲን ቶርኖ ቤት ያስቀረጸውን አዲስ ፒን ከነሐስ ቀለበቱ ጋር እየገጠመ ተንበርክኮ ነበር። ሳይነሣ ጠየቀ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... የዚያ የባለቤቴ ወንድም፣ የነጅመዲን ነገር እንዴት ሆነ?»

ሀብተወልድ ቆሎውን እየቆረጠመ የፊቱን በር ወዲያና ወዲህ አወዛወዘው። «ነጅመዲን... ነጅመዲን ከድር? አዎ። የሱ ጉዳይ አልቋል። ከእንግዲህ እናንተም አትጉላሉ።»

ጉዳዩ አልቋል! ከማለዲን ዕድሜውን ሙሉ በየቢሮው ደጅ የጠና ሰው ነው። ፈቃድ ሲያሳድስ፣ የመብራት ቆጣሪ ሲያስገባ፣ ለሁሉም ነገር «ጉዳይህ አላለቀም፣ ነገ ና» ሲባል ኖሯል። ከጸሐፊ አፍ የሚወጣ ከዚህ የበለጠ ደግ ቃል አያውቅም። ጉዳይህ አልቋል ከተባልክ ተፈርሟል፣ ማኅተሙ ተመቷል፣ የቀረህ ይዘህ መሄድ ነው። ተነሥቶ፣ በግሪስ እጁ እንዳያቆሽሸው ክንዶቹን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ የሰውየውን ትከሻ ሳመው። ቆሎና ላብ የሚሸተውን ያን ካኪ እሱ፣ ተጸያፊው ከማለዲን፣ ደጋግሞ ሳመው።

«አላህ ይስጥልኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር! ውለታዎን አልረሳም። እኔም ቤተሰቤም እናመሰግናለን።»

ሀብተወልድ መቆርጠሙን አቆመ። «ታመሰግናለህ?»

«ከልቤ እንጂ! ዕድሜ ይስጥዎ።»

«የነቃ ሰው እንዲህ ነው» አለ ሀብተወልድ ቀስ ብሎ። አዲስ ነገር እንዳየ ሰው ትንሽ ቆሞ ተመለከተውና ሄደ።

ለፋዲላ አልነገራትም። በጥር አንዲት ጎረቤት «ልጁ ሊፈታ ነው» የሚል ወሬ አምጥታላት ነበር። ፋዲላ ፍራሹን ፀሐይ አስመትታ፣ ሸሚዙን ተኩሳ ጠበቀች፤ ሳይመጣ ሲቀር ታማ ተኛች። ስለዚህ ከማለዲን ወሰነ። አርብ ዕለት መኪናዋን አስረክቦ፣ ልጁን በእጁ ይዞ ቤት ይገባል እንጂ በወሬ አያስጎመጃትም። ረቡዕም ሐሙስም ሳህኗን ቋጥራ ስትወጣ አይቶ ዝም አለ። እንዲያውም በልቡ ሳቀ፤ የምታገኘው ደስታ እየታየው።

ሥራውን የሠራው እየዘመረ ነው ማለት ይቻላል። መንዙማ እያንጎራጎረ የበሩን ሆድ በሳሙና አጠበ፣ ወንበሩን ፈገፈገ፣ ከዓመታት በፊት ለክፉ ቀን ብሎ ያስቀመጠውን እውነተኛ የማርቼዲስ የበር ጎማ አውጥቶ ገጠመ። የቁልፉን መቀበያ እያላላ እያጠበቀ፣ በሩን እየዘጋ እየከፈተ፣ ጆሮውን ላሜራው ላይ አስጠግቶ አዳመጠ። ከየትም ኳኳታ አይሰማም። ዝገቱን ከእጀታዎቹ ሲያስለቅቅ እንኳ አልቀፈፈውም። ደስታ የማያስንቀው ነገር የለም።

የኋላ በሮቹ ላይ ሲደርስ ከእጀታው ወደ ቁልፉ የሚሄደውን ዘንግ አወለቀ። እጀታውንም ማንሣት ይችል ነበር፤ ብዙዎቹ ላሜራ ሠራተኞች እንዲያ ነው የሚያደርጉት። እሱ ግን ባዶ ቀዳዳ ያስጠላዋል፤ አፉን የከፈተ በር አያምርም። ስለዚህ እጀታውን አቅንቶ፣ ወልውሎ መልሶ ቦታው ላይ አሰረው። ላየው ሰው ደህና እጀታ ነው። ሲጎትቱት እሺ ብሎ ይመጣል፤ ምንም አያደርግም እንጂ። ብሎኑን ሲያጠብቅ አንድ ሐሳብ መጣበት፤ ይህን ማን ይጎትተው ይሆን? ወዲያው ሌላው ሐሳብ ደረሰለት፤ ነጅሙ አይደለም፣ የነጅሙ ጉዳይ አልቋል። ቀለል አለውና ብሎኑን አጠበቀው።

ሐሙስ ማታ ላይ ዋቅጅራ መኪናዋን ሊያይ ሲመጣ ከማለዲንን አላስቻለውም።

«ዋቅጅራ፣ እንኳን ደስ አለህ በለኝ! የነጅሙ ጉዳይ አልቋል አሉኝ።»

ዋቅጅራ ሲጋራውን ከአፉ አወጣ። «ማን አለህ?»

«እሳቸው ራሳቸው!»

የዋቅጅራ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ዳገቱን አየ፣ ጫማውን አየ። «እኔ ሹፌር ነኝ፣ ጋሼ ከማል» አለ በመጨረሻ። «የኔ ሥራ መንዳት ብቻ ነው።» ይህን ብሎ መኪናዋን ሳያይ ተመለሰ።

ከማለዲን በገነ። ለሰው ደስታ «እንኳን ደስ አለህ» ማለት የማይወጣው፣ አንጀቱ የደረቀ ሰው! ፊታውራሪው እንጀራ ያበሉትን ያህል ጨዋነት አላስተማሩትም ብሎ ሲያማው አመሸ።

አርብ ከጁምዓ ሶላት መልስ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ሊቀመንበሩን ጠበቀ። ልጁን ይዞ ቤት ሲገባ በቱታ መታየት አልፈለገም። ሀብተወልድ ዋቅጅራን አስከትሎ መጣ። ዋቅጅራ ቀጥ ብሎ መሪው ጋ ገብቶ ተቀመጠ።

«አለቀ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«አልቋል፣ ጓድ ሊቀመንበር። ይሞክሩት።» ከዚያ ልቡ አላስችለው አለ። «መቼ መጥቼ ልውሰደው?»

«ምኑን?»

«ነጅመዲንን።»

ሀብተወልድ ገለባውን ተፋ። «ሬሳ አንሰጥም፣ ጓድ ከማል። መመሪያ ነው። ለአንተ ብለን ብናደርገው ነገ ሌላው ሁሉ ሊጠይቅ ነው።»

የከማለዲን ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ቃሉ ጆሮው ገባ፤ ትርጉሙ እስኪከተለው ግን ቆየ።

«ምነው? ማክሰኞ ነግሬህ የለም እንዴ?» አለ ሀብተወልድ። «ከዚያ በፊት ነው እርምጃ የተወሰደበት። አንተም አመሰገንከኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ እንባ ነው እንቅ ያደረገኝ። አናርኪስት ከቤቱ ሲነቀልለት የሚያመሰግን ስንት ሰው አለ? ሁሉም እኮ ፊቱን ያጨማድድብናል። እሁድ በስብሰባው ላይ ስምህን አነሣለሁ። አንተ ትቆማለህ፣ ሰፊው ሕዝብ ያጨበጭብልሃል።»

የሳመው ትከሻ ፊት ለፊቱ ነበር። የካኪው ሻካራነት ከንፈሩ ላይ ተሰማው፤ ሽታውም መጣበት። ሊያስመልሰው የሚገባ መስሎት ጠበቀ። ምንም አልመጣም። ይህ ደግሞ ከሁሉ የባሰው ነው፤ ለአንዲት ጉንጉን ጸጉር የተገለበጠ ሆድ ለዚህ ዝም አለ። ራሱን ተጸየፈው። ከንፈሩን፣ ምላሱን፣ ያን «ዕድሜ ይስጥዎ» ያለበትን ጉሮሮውን ተጸየፈው።

ሀብተወልድ በበኩሉ ነገሩን ጨርሷል። የኋላ ወንበር ላይ ገብቶ ተደላደለና «ዝጋው» አለ። ከማለዲን በአውራ ጣቱ ገፋው። በሩ «ጥፍ» አለ፤ በፊታውራሪው ዘመንም እንዲህ አምሮ ተዘግቶ አያውቅም። በመስታወቱ ውስጥ ሊቀመንበሩ እጀታውን ጎተተ። አልተከፈተም። ደግሞ ጎተተ፤ ደስ ብሎት ሳቀ፤ ጥርሱ መሃል ቆሎ ነበር። ከዚያ መስታወቱን በጣቱ አንኳኳ።

ከማለዲን አልተንቀሳቀሰም።

ሰውየው ደግሞ አንኳኳ። ሳቁ ቀስ እያለ ረገበ። ዓይኑ ወደ ዋቅጅራ ሮጠ፣ ወደ ከማለዲን ተመለሰ። ዋቅጅራ መሪውን ይዞ ፊት ለፊት ያያል፤ ዞር አላለም። ለትንሽ ጊዜ ያ ፊት የሊቀመንበር ፊት መሆኑ ቀረ፤ በር የተዘጋበት ሰው ፊት ብቻ ሆነ። መዶሻው ከማለዲን እግር ሥር ነበር፤ እዚያ መሆኑን ያውቃል። ከዚያ እጁ ሄዳ በሩን ከፈተችለት። እሱ አላዘዛትም፤ ደንበኛ ሲያንኳኳ የምታደርገውን ነው ያደረገችው።

«በጣም ጥሩ ሥራ ነው» አለ ሀብተወልድ ግንባሩን እየጠረገ።

«አመሰግናለሁ» አለ ከማለዲን።

መኪናዋ ሄደች። ከማለዲን በርሜሉ ጋ ሄዶ ፊቱን በሳሙና ታጠበ፤ አፉን በነጭ ጋዝ ሳይቀር ተጉመጠመጠ። ጋዙ ድዱን አቃጠለው እንጂ ሌላ የፈየደው ነገር የለም። እሁድ ከመድረሱ በፊት ለፋዲላ መንገር አለበት። በስብሰባ አዳራሽ፣ በጭብጨባ መሃል ከሊቀመንበሩ አፍ እንድትሰማው አይተዋትም። ቤቱ ቅርብ ነው፤ እሱ ግን በወንዙ በኩል አዞረ፣ የማይገዛውን ነገር ሱቅ ገብቶ ጠየቀ፣ ሰላም ላሉት ሁሉ ቆሞ መለሰ። የሚናገረውን ቃል እያነሣ እየጣለ ሄደ።

ፋዲላ ደጅ ላይ በርጩማ ተቀምጣ ከቀበሌው የተመለሰውን ሳህን በአመድ ታሻለች።

«ዛሬ በጊዜ መጣህ» አለችው። «መኪናዋን ወሰዷት?»

«ወሰዷት።»

«ስለ ልጁስ ጠየቅካቸው?»

በመንገዱ ሁሉ ካዘጋጀው ቃል አንዱም አልመጣለትም። የመጣው የዚያ ሰውዬ ቃል ነው። «ጉዳዩ አልቋል አሉኝ» አለ።

እልል ትላለች ብሎ ፈራ። ፋዲላ ግን እልል አላለችም። እሷ በየቢሮው ደጅ ጠንታ አታውቅም፤ የጸሐፊ ቋንቋ አልለመደችም። አልቋል ሲላት የሰማችው አልቋልን ብቻ ነው። እጇ ሳህኑ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች፣ ድምፅ በሌለው ድምፅ። ጮሃ ማልቀስ አትችልም፤ አናርኪስት ለተባለ ያለቀሰ ቤት ምን እንደሚጠብቀው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ነከሰችው። ከማለዲን አጠገቧ ቁጢጥ አለ፤ እጁን ሊዘረጋ ፈልጎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

ብዙ ቆይታ ሻሹን ከአፏ አወጣች። «ለአንተ መቼ ነገሩህ?»

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ?»

«ሊፈቱት ነው መስሎኝ ነበር፣ ፋዲላ። ወላሂ! ጉዳዩ አልቋል ሲሉኝ፣ ይዤው ገብቼ ላስደንቅሽ ብዬ...»

«ረቡዕ ምሳ ይዤ ሄድኩ። ተቀበሉኝ» አለች፣ የሚላትን የሰማች አትመስልም። «ትናንትም ተቀበሉኝ። ጠባቂው ሳህኑን ሲመልስልኝ ‹ወንድምሽ ቃሪያ ጨምሪበት ብሏል› አለኝ። ምግብ አማረው ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ለዛሬ ከገበያ ደህና ደህናውን ቃሪያ መርጬ፣ በእጄ ሰንጥቄ ወሰድኩለት።»

እቅፏ ውስጥ ያለውን ሳህን አየችው። አብሶና ልሶ የጨረሰው ማን እንደሆነ አሁን ነው ያየችው። በጣቶቿ ጫፍ ይዛ አነሣችውና ከአጥሩ ባሻገር ወረወረችው። ከዚያ አመድ የነካውን እጇን እያየች ጠየቀችው።

«አንተስ ከማክሰኞ ጀምሮ ምን ስትሠራ ነበር?»

ከማለዲን መለሰ። «በሩን።»

«ያን ከውስጥ አይከፈት ያሉህን?»

«አዎ።»

«አማረልህ?»

«ምኑ?»

«በሩ።»

«አዎ» አለ ከማለዲን።

ሌላ መልስ መፈለግ እንደነበረበት የገባው፣ ፋዲላ ተነሥታ፣ እንዳይነካት ቀሚሷን ወደ ጎን ሰብስባ፣ በአጠገቡ አልፋ ከገባች በኋላ ነው።